ዘ ግሌንሊቬት፦ ስለ አንድ የስኮትላንድ ውስኪ ታሪክና ስም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ውስኪ ሳወራ ሰዎች ከጣዕሙ ይልቅ ስለ ስሙ ነው የሚጠይቁኝ። እኔንም የያዘኝ እሱ ነው። አንድ ሸለቆ ውስጥ የሚኖር ሕዝብ ሁሉ ይጠራበት የነበረ ስም እንዴት የአንድ ቤት ንብረት ሆነ? ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ እዚያው ይመለሳሉ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ግሌንሊቬት የሰው ስም ነው የቦታ?

የቦታ ነው። «ግሌን» ሸለቆ ማለት ነው፤ ሊቬት ደግሞ በሸለቆው ውስጥ የሚወርድ ትንሽ ወንዝ ነው። ሊቬት አቮን ወደሚባለው ወንዝ ይገባል፤ አቮንም ወደ ስፔይ ይፈሳል። ስፔይሳይድ የሚባለው በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ የሚገኘው አካባቢ ስሙን ያገኘው ከዚህ ወንዝ ነው። አገሩ ደጋ ነው። በክረምት በረዶ መንገዱን ይዘጋዋል፣ ኮረብታው ምንጭ በምንጭ ነው፣ ለማያውቀው እንግዳ መውጫና መግቢያው ግራ ያጋባል። ይህ መልክዓ ምድር በኋላ ለመጣው ታሪክ ሁሉ መነሻ ነውና ልብ በሉት።

ሲንግል ሞልት ሲባል ምን ማለት ነው? ከብላክ ሌብል በምን ይለያል?

ሲንግል ሞልት ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ በመዳብ ጋን የወጣ ውስኪ ነው። ብላክ ሌብል ግን ብሌንድድ ነው፤ የብዙ ፋብሪካዎች የብቅል ውስኪና ከሌላ እህል የወጣ ለስላሳ ውስኪ ተደባልቆ የሚሠራ ነው። «ሲንግል» የሚለው ቃል የሚያመለክተው ፋብሪካውን እንጂ በርሜሉን አይደለም። አንድ የግሌንሊቬት ጠርሙስ ውስጥ የብዙ በርሜሎች ውስኪ አለ፤ ሁሉም ግን ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው።

ከእኛ አረቄ ጋር ዝምድና አለው?

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የውስኪን ግማሽ ታሪክ ያውቀዋል። ልጅ ሳለሁ አክስቴ ጓሮ ያየሁት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ድፍድፉ ያለበት ጋን እሳት ላይ ተጥዶ፣ አፉ በጭቃ ተመርጎ፣ እንፋሎቱ በሸምበቆ በኩል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ይሄዳል። አክስቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ እሳቱን ትቀንሳለች፣ ትጨምራለች። ከቸኮለች አረቄው ይበላሻል። አንዴ የወጣውን መልሳ ስታወጣው ደግሞ «ዳግም» ይሆናል፤ ዋጋውም ክብሩም ይጨምራል።

የስኮትላንድ ብቅል ውስኪም በአብዛኛው ዳግም ነው፤ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ገብሱ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፤ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ጣፋጩ ውሃ ይጠለላል፤ እርሾ ይገባበታል፤ ከዚያ ወደ መዳብ ጋኑ ይሄዳል። ጌሾ የለበትም። መጀመሪያ የሚመጣውና መጨረሻ ላይ የሚመጣው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ለበርሜል የሚበቃው መካከለኛው ብቻ ነው። የግሌንሊቬት ጋኖች ረጃጅምና አንገታቸው ቀጭን በመሆኑ ከባዱ እንፋሎት አናቱ ሳይደርስ ይመለሳል። ውስኪው ቀለል ያለና ወደ ፍራፍሬ፣ በተለይ ወደ አናናስ የሚያደላ የሆነው በዚህ ነው። ገብሱ በጭስ ስለማይደርቅ የጭስ ጠረን አይፈለግበትም።

ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከጋን የወጣው ውስኪ እንደ አረቄ ውሃ የመሰለ ነው። በሕጉ መሠረት ቢያንስ ሦስት ዓመት እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ በኦክ በርሜል መተኛት አለበት። ቀለሙንም አብዛኛውን ጣዕሙንም የሚሰጠው እንጨቱ ነው፤ ቀለሙን ለማመሳሰል ጥቂት ካራሜል መጨመርን ግን ሕጉ ይፈቅዳል። በየዓመቱ ከበርሜሉ ሁለት ከመቶ ያህሉ በንኖ ይጠፋል፤ እነሱ «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል።

መጀመሪያ የኮንትሮባንድ መጠጥ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ዝናውንም ያመጣው ያ ዘመን ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የብሪታንያ መንግሥት በውስኪ ላይ የጣለው ቀረጥ ከባድ ነበር። በቆላማው ደቡብ ያሉት ፈቃድ ያላቸው አምራቾች ቀረጥ የሚከፍሉት በጋናቸው ስፋት ልክ ነበር። ስለዚህ ጋኑን ጠፍጣፋ አድርገው፣ እሳቱን አንድደው፣ በተቻለ ፍጥነት ደጋግመው ማውጣት ጀመሩ። በጥድፊያ የወጣ አረቄ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። በደጋ ያለው ጭሰኛ ግን ፈቃድም ቀረጥም የለውም፤ በትንሽ ጋን፣ በዝግታ፣ ቤቱ በበቀለ ገብስ ያወጣ ነበር። ሕጋዊው ውስኪ መጥፎ፣ ሕገወጡ ጥሩ ሆነ። በሊቬት ሸለቆ ብቻ 200 ያህል የተደበቁ ጋኖች ነበሩ ይባላል። ቀረጥ ሰብሳቢ ሲመጣ ከኮረብታው ላይ ይታያል፤ እስኪደርስ ጋኑ ተነቅሎ ተሰውሯል።

ባለርስቶቹም አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር። ጭሰኛው የመሬቱን ኪራይ የሚከፍለው ከዚያው ከውስኪው ነዋ። በዚህ መንገድ «ግሌንሊቬት» የሚለው ቃል በኤድንብራ ገበያ የቦታ ስም መሆኑ ቀርቶ «ጥሩ ውስኪ» ማለት ሆነ። ያንን ስም ያቆሙት በአንድም መዝገብ ላይ ስማቸው የሌለ ገበሬዎች ናቸው። እኔ ይህን ጠርሙስ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማስበው እነሱን ነው።

ንጉሡ ራሱ ሕገወጡን ጠጣ የሚባለውስ?

ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በነሐሴ 1822 ኤድንብራን ጎበኘ። የአንድ ደገኛ ባለርስት ልጅ በማስታወሻዋ እንደጻፈችው፣ ንጉሡ ከግሌንሊቬት ውስኪ በቀር ሌላ አልጠጣም በማለቱ ከአባቷ ቤት ጓዳ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠውን እንድትልክ ታዘዘች። እንደ ወተት ለስላሳ ነበር ትላለች፤ የኮንትሮባንድ ጣዕሙም እንዳልለቀቀው አልደበቀችም። ሕጉ በንጉሡ ስም ይታወጃል፣ ሕጉን የጣሰው ውስኪ ደግሞ በንጉሡ ብርጭቆ ውስጥ ነው። ዓመት ሳይሞላው ሕጉ ተለወጠ።

ጆርጅ ስሚዝ ማነው? ለምን ሽጉጥ ታጠቀ?

ጆርጅ ስሚዝ በ1792 የተወለደ፣ በሸለቆው ውስጥ አፐር ድረሚን በሚባል እርሻ ላይ የነበረ ጭሰኛ ነው። አናጢነትና ግንበኝነት ተምሯል፤ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ያለፈቃድ ውስኪ ያወጣ ነበር። የመሬቱ ባለቤት የጎርደኑ መስፍን አሌክሳንደር ነው። መስፍኑ በሎርዶች ምክር ቤት ተነሥቶ፣ ሰው አትርፎ በሕግ ማምረት የሚችልበት መንገድ ይሰጠው፣ እኛ ባለርስቶችም ኮንትሮባንዱን ለማጥፋት እንረዳለን ብሎ ተከራከረ። የ1823ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ የወጣው እንዲህ ነው። ቀረጡ ከግማሽ በላይ ተቀነሰ፣ ፈቃዱ በዓመት 10 ፓውንድ ሆነ፣ ጋኑ ግን ከ40 ጋሎን ማነስ የለበትም ተባለ።

በ1824 ስሚዝ ፈቃድ አወጣ። ከሸለቆው የመጀመሪያው ነበር።

ጎረቤቶቹ ይህን እንደ ክህደት ቆጠሩት። እነሱ ከመንግሥት ሲሸሹ እሱ መንግሥትን ቤቱ አስገባ፤ ቀረጥ ሰብሳቢው አሁን በየቀኑ ሸለቆው ውስጥ ሊሆን ነው። ፋብሪካውን ከነነፍሱ እናቃጥለዋለን ብለው ዛቱበት። ዛቻው ባዶ አልነበረም፤ በ1825 በአበርዲንሺር በዲ ወንዝ አካባቢ አንድ አዲስ ሕጋዊ ፋብሪካ በኮንትሮባንዲስቶች እስከ መሬት ድረስ ነደደ።

በዚህ ጊዜ የአበርላወር ባላባት ለስሚዝ ሁለት ሽጉጦች ሰጠው። ቃታቸው በትንሽ ንክኪ የሚለቅ፣ በያኔው የእንግሊዝ ገንዘብ 10 ጊኒ የሚያወጡ ጥንድ ሽጉጦች ነበሩ። ስሚዝ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሽማግሌ ሆኖ ሲናገር፣ ለዓመታት ከቀበቶዬ አልተለዩም ነበር ብሏል። በሌሊት ከሁለት ሦስት ታማኞቹ ጋር ፋብሪካውን ይጠብቅ ነበር። በሸለቆው እሱን ተከትለው ፈቃድ ያወጡ ሌሎችም ነበሩ፤ ዛቻው በርትቶባቸው ተዉት። እሱ ቀረ። ኩባንያው ዛሬ ይህን ታሪክ የጀግና ተረት አድርጎ ይሸጠዋል። እኔ ግን ከጀግንነቱ በፊት የሚታየኝ አብሮ ያደገውን ጎረቤት በጨለማ በሽጉጥ የሚጠብቅ የ32 ዓመት ሰው ነው። ከባድ ዋጋ ከፍሎበታል።

«የመጀመሪያው» ይላሉ፤ ከስኮትላንድ ፋብሪካዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው ማለት ነው?

አይደለም። በአይላ ደሴት ያለው ቦሞር ለራሱ 1779ን ይቆጥራል፣ ስትራዛይላም ከ1786 ጀምሮ አለ። ግሌንሊቬት ቀዳሚ የሆነው በራሱ ሸለቆ በ1823ቱ አዋጅ ፈቃድ በማውጣት ነው። «ሁሉን የጀመረው ሲንግል ሞልት» የሚለው ማስታወቂያቸው ከታሪኩ አልፎ የሄደ ነው።

ፋብሪካው ራሱም ያኔ የነበረበት ቦታ ላይ አይደለም። ስሚዝ ከልጁ ከጆን ጎርደን ስሚዝ ጋር ሚንሞር በሚባለው ስፍራ ሰፊ ፋብሪካ ሠርቶ ከ1850ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እዚያ ነው የሚመረተው።

በስሙ ፊት ያለችው «ዘ» ለምን አስፈለገች?

ታሪኩ ሁሉ እዚህች ቃል ላይ ይቋጠራል።

የስሚዝ ውስኪ ስሙ እየገነነ ሲሄድ፣ አንድሩ አሸር የተባለው የኤድንብራ ነጋዴ ወኪሉ ሆኖ በ1853 የተለያየ ዕድሜ ያለውን ግሌንሊቬት ቀላቅሎ መሸጥ ጀመረ። የ1860ው አዋጅ ከብቅልና ከሌላ እህል የወጡትን ቀረጥ ሳይከፈልባቸው መጋዘን ውስጥ መደባለቅን ሲፈቅድ ደግሞ ንግዱ ሰፋ። ደባላቂዎቹ «ግሌንሊቬት» የሚባል ጣዕም ይፈልጋሉ። በየአቅጣጫው ያለ ፋብሪካም ስሙን ወስዶ በርሜሉ ላይ መጻፍ ጀመረ፤ ከሊቬት ወንዝ ብዙ ኪሎ ሜትር የራቁትም ጭምር። ሰዉ «ግሌንሊቬት በስኮትላንድ ረጅሙ ሸለቆ ነው» እያለ መቀለድ ጀመረ።

ጆርጅ ስሚዝ በ1871 ሞተ። ልጁ ጆን ጎርደን በ1875 የንግድ ምልክት ምዝገባ ሕግ ሲወጣ ስሙን ለማስመዝገብ ተነሣ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ1884 የተገኘው መፍትሔ የሚያስገርም ነው። ስሙን ብቻውን፣ «ዘ ግሌንሊቬት» ብሎ መጠቀም የሚችለው የስሚዝ ቤት ሆነ። ሌሎች 10 ፋብሪካዎች ደግሞ የራሳቸውን ስም አስቀድመው፣ በጭረት አያይዘው «ግሌንሊቬት» ማለት ተፈቀደላቸው። የእንግሊዝኛዋ ቃል «ይህኛው፣ የታወቀው» እንደማለት ናት፤ ባለቤትነቱ በሙሉ በእሷ ላይ ተንጠለጠለ።

በእኛ ፊደል ስትጻፍ አንድ የሚያምር ግጥምጥሞሽ ይፈጠራል። በግእዝ «ዘ» ማለት «የ» ነው፤ «ዘጎንደር»፣ «ዘሸዋ» እንደምንለው። ግእዝ የሚያውቅ ሰው መለያውን ሲያነበው «የግሌንሊቬት» ይለዋል። የ1884ቱ ክርክርም ስለዚሁ ነበር፤ የግሌንሊቬት የሚባለው ማነው?

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ስምምነቱ ለስሚዞች የሚገባቸውን ሰጥቷል። ዛቻውን ችለው በሸለቆው ቆይተዋል፣ ራቅ ብሎ ስሙን ብቻ የወሰደውም እንዲለይ ሆኗል። ሆኖም ስሙን ያስከበሩት የ200ዎቹ ጋኖች ባለቤቶች ልጆች ከዚያ ስም ላይ ምንም አልደረሳቸውም። ያኔ ፍርድ ቤት ቆሞ ስለ እነሱ የተናገረ አልነበረም።

አሮጌ ጠርሙስ ላይ «ማካለን-ግሌንሊቬት» የሚል አየሁ። ሐሰተኛ ነው?

ስሙ ብቻውን ሐሰተኛ አያደርገውም። ማካለን፣ ግሌንፋርክላስ፣ አበርላወር፣ ሎንግሞርን ሁሉም በአንድ ወቅት ከስማቸው ኋላ «ግሌንሊቬት» ይጽፉ ነበር። በኋላ የራሳቸው ስም ሲበረታ አንድ በአንድ ጣሉት። ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል በሌላው ስም ተደግፎ የኖረ ማካለን ዛሬ በጨረታ ከግሌንሊቬት እጅግ በላቀ ዋጋ ይሸጣል።

አሜሪካ ውስጥ እንዴት ታወቀ?

በባቡር። የአሜሪካ የአልኮል ክልከላ በ1933 ሲነሣ ድርጅቱን የሚመራው የስሚዝ ቤተሰብ ተወላጅ ቢል ስሚዝ ግራንት ነበር። ያን ጊዜ አሜሪካ የሚጠጣው ብሌንድድ ነው፤ ሲንግል ሞልት የሚያውቅ ጥቂት ነው። እሱ ከፑልማን የባቡር ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ትንንሽ ጠርሙሶችን በባቡሮቹ ላይ አስገባ። ከከተማ ከተማ የሚጓዘው ነጋዴ ረጅሙን መንገድ ሲሄድ ትንሿን ጠርሙስ ይከፍታል፣ መለያውን ያነባል፣ አገሩ ሲደርስ ትልቁን ይጠይቃል። ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ይህ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ፤ ሰው ጊዜ ኖሮት ሲቀምስ ያስታውሳልና።

አሁን የማን ነው?

የፈረንሳዩ ፔርኖ ሪካር። የቤተሰቡ ድርጅት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግሌን ግራንት ከሚባል ሌላ የውስኪ ቤት ጋር ተዋሐደ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ የካናዳው ሲግራም ገዛው፣ በ2001 ሲግራም ሲከፋፈል ወደ ፔርኖ ሪካር ዞረ። በቅርብ ዓመታት በተደረገው ማስፋፊያ የጋኖቹ ቁጥር 28 ደርሷል፤ በዓመት 21 ሚሊዮን ሊትር ንጹሕ አልኮል የማውጣት አቅም አለው።

«12» የሚለው ቁጥር ምንን ያሳያል? ቁጥር የሌለው ጠርሙስስ?

ጠርሙሱ ውስጥ ካሉት ውስኪዎች ሁሉ የትንሹን ዕድሜ ነው፤ አማካዩን አይደለም። ከ12 ዓመት አንድ ቀን ያነሰ አንድ በርሜል እንኳ ቢቀላቀል «12» ማለት ክልክል ነው። ዕድሜው የሚቆጠረው በርሜል ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአጎትዎ ቁም ሳጥን ውስጥ ሃያ ዓመት የተቀመጠ «12» ዛሬም 12 ነው፤ «አርጅቷል» ብሎ ለሚያስወድድባችሁ ሰው አትክፈሉ።

በ2015 አካባቢ ኩባንያው በብዙ አገሮች 12ቱን አንሥቶ «ፋውንደርስ ሪዘርቭ» የሚባል ቁጥር የሌለው ጠርሙስ ተካ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የዛሬ ገዢ የሚጠጣው ከ12 ዓመት በፊት የተቀመጠውን ነው፣ ያን ጊዜ ይህን ያህል ይፈለጋል ብሎ የገመተ አልነበረም። ወጣቱንና አሮጌውን መቀላቀል መጠጡን የግድ መጥፎ አያደርገውም። ሆኖም የመሥራቹን ስም የያዘ ጠርሙስ ለገዢው የሚነግረው አንሶ መገኘቱ ቅር ያሰኘኛል። 12ቱ በኋላ ተመልሷል፤ ለጀማሪም እሱን እመክራለሁ።

ካፕሱል ውስጥ ያለ ውስኪ ሠሩ የሚባለው ቀልድ ነው?

እውነት ነው። በ2019 ለለንደን የኮክቴል ሳምንት ከባሕር አረም በተሠራ፣ በሚበላ ሽፋን የተጠቀለሉ ትንንሽ የውስኪ ኮክቴሎች አቀረቡ። ብዙ ሰው ተሳለቀባቸው፣ ከልብስ ማጠቢያ ሳሙና እንክብል ጋርም አመሳሰላቸው። ለዝግጅት የተሠራ ነገር ነው፤ ሱቅ ውስጥ አትፈልጉት።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ ምኑ ነው?

«ይርጋጨፌ» የሚለውን ቃል አስቡት። የቦታ ስም ነው፤ ዓለም ላይ ግን «ጥሩ ቡና» ማለት ሆኗል፣ ልክ ግሌንሊቬት በኤድንብራ እንደሆነው። በ2005 የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ከአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ገጠመው፤ በ2007 ግን ከስታርባክስ ጋር ስሞቹን በፈቃድ የመጠቀም ስምምነት ላይ ተደረሰ። በስኮትላንድ ስሙ ለአንድ ቤተሰብ ሄደ፣ እዚህ ግን ያመለከተው አገር ነው፤ ስለ ገበሬው ብሎ። ስሙ ያመጣው ገንዘብ ምን ያህሉ ቡናው ሥር እንደሚደርስ ሁላችንም ልንከታተለው የሚገባ ነው።

ሄዶ መጎብኘት ይቻላል?

ይቻላል፤ ፋብሪካው እንግዳ ይቀበላል፣ አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ይሻላል። ጆዚስ ዌል የሚባለውን የውሃውን ምንጭ ጠይቁ፤ ኮንትሮባንዲስቶቹ ይሄዱባቸው የነበሩት የኮረብታ መንገዶችም ለእግረኛ ተከልለዋል። ጊዜ ካላችሁ ሊቬት ወንዝ ላይ ወዳለው አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ውረዱ። የጭነት ፈረሶች ይሻገሩበት የነበረ ጠባብ ድልድይ ነው። ሦስት ቅስቶች ነበሩት፤ አንዱን የ1829 ጎርፍ ወሰደው። ሁለቱ ዛሬም ቆመዋል፣ መኪና የሚያልፈው ግን በሌላ ድልድይ ነው።